የተወረሰ ቴሌስኮፕ እና የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች

እንደምን አመሻችሁ።

ቴሌስኮፕ ለመግዛት ላሰበ ሰው ምክር የሚሰጥ አይጠፋም። ዛሬ የምናገረው ግን ሳይገዛው ለደረሰው ሰው ነው፤ አያት ወይም አጎት ሲያርፉ ከቁም ሣጥን ጀርባ የተገኘ ረጅም ካርቶን ተሰጥቶት፣ ከፍቶ አይቶ፣ ምኑን ከምኑ እንደሚያገጣጥም ግራ ገብቶት መልሶ ለዘጋው። በዚህ አዳራሽ እንዲህ ያለ ካርቶን ያላችሁ ጥቂቶች እንዳልሆናችሁ አዘጋጆቹ ነግረውኛል።

ቴሌስኮፕ ሲወረስ ብረቱና መስታወቱ ይመጣል፤ የባለቤቱ ልምድ አብሮ አይመጣም። የትኛው ብሎን መላላት እንዳለበት፣ ከዓይን ሌንሶቹ፣ ማለትም ዓይን ከሚደረግባቸው ተቀያያሪ ትናንሽ ሌንሶች፣ የትኛው እንደሚሠራ፣ የትኛው ደግሞ ካርቶኑን ለማሳመር ብቻ እንደተጨመረ የቀድሞው ባለቤት ያውቁ ነበር፤ ነገር ግን ጽፈው አልተዉትም። ወራሹ ሁለት ሌሊት ይታገላል፤ ከጥቁር ክብ በቀር የሚያየው ነገር ያጣል፤ በመጨረሻም «ይህ ዕቃ ተበላሽቷል» ብሎ ይደመድማል። አብዛኛውን ጊዜ ቴሌስኮፑ ጤነኛ ነው። ጥፋተኛዋ ከካርቶኑ ውስጥ ያለች አንዲት ትንሽ የዓይን ሌንስ ናት፤ ቆይቼ እመጣባታለሁ።

በቅድሚያ ዕቃውን በቀን ብርሃን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ መርምሩት። አሮጌ መሣሪያ ስለ ባለቤቱ ብዙ ይናገራል። ከዓይን ሌንሶቹ መካከል ጠርዙ የተፋቀ፣ ቀለሙ የለቀቀ ካለ ባለቤቱ አዘውትረው የተጠቀሙበት እሱን ነው፤ እናንተም በእሱ ጀምሩ። እንደ አዲስ የሚያብረቀርቀው ከካርቶኑ ብዙም ያልወጣው ነው፤ ያልወጣበትም ምክንያት አለው። ማቆሚያው ዘንበል ያለ ዘንግና ቁጥር የተጻፈበት ቅስት ካለው ደግሞ፣ ጠቋሚው የቆመበት ቁጥር ባለቤቱ ሰማዩን ያዩበት የነበረው ቦታ ኬክሮስ፣ ማለትም ከምድር ወገብ ያለው ርቀት በዲግሪ፣ ሊሆን ይችላል። እናንተ የምትኖሩት በሌላ ኬክሮስ ከሆነ ቁጥሩ መቀየር አለበት። ካልተቀየረ ማቆሚያው የሚከተለው እስከ ዛሬ የሳቸውን ሰማይ ነው።

ዓይነቱን መለየት ቀላል ነው። ከፊት ሌንስ ያለው፣ ከኋላ የሚታይበት ቀጭን ቱቦ ከሆነ ባለ ሌንስ ነው፤ የዘር ሐረጉ ሃንስ ሊፐርሼይ እ.ኤ.አ. በ1608 ኔዘርላንድ ውስጥ የፈጠራ መብት ከጠየቀበት መሣሪያ ይመዘዛል። ቱቦው ወፍራም ሆኖ ዓይን የሚደረግበት ቦታ በጎኑ፣ ከላይኛው ጫፍ አጠገብ ከሆነ ደግሞ ባለ መስታወት ነው፤ አይዛክ ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1668 የሠራው ዓይነት። አጭርና ወፍራም ሆኖ ከኋላ የሚታይበት ከሆነ ሌንስንም መስታወትንም ያጣመረ ነው፤ እንዲህ ያለው የደረሰው ሰው ዕድለኛ ነው፣ ምክሬ ግን ለእሱም ያው ነው። በቱቦው ላይ ሁለት ቁጥሮች ታገኛላችሁ። አንዱ የፊት ሌንሱ ወይም የመስታወቱ ስፋት ሲሆን ሌላው የትኩረት ርቀቱ፣ ማለትም ብርሃኑ አንድ ነጥብ ላይ እስኪሰበሰብ ያለው ርቀት ነው፤ ሁለቱም በሚሊ ሜትር ይለካሉ። በየቤቱ ተረስቶ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ 60 ሚሊ ሜትር ስፋትና 700 ሚሊ ሜትር የትኩረት ርቀት ያለው ባለ ሌንስ ስለሆነ ለስሌቶቼ እሱን እወስዳለሁ።

60 ሚሊ ሜትር ትንሽ መሰላችሁ? ጨለማ የለመደ የወጣት ዓይን ብሌን 7 ሚሊ ሜትር ያህል ይከፈታል። የሚሰበሰበው ብርሃን ከስፋቱ ካሬ ጋር ስለሚያድግ ይህ «ትንሽ» ሌንስ ከዓይናችሁ ከ70 ጊዜ በላይ ብርሃን ይሰበስባል። ጋሊሌዮ የጁፒተርን ጨረቃዎች ያገኘበት መሣሪያ በስፋትም በምስል ጥራትም ከዚህ ያንስ ነበር፤ ማጉላቱም 20 እጥፍ ገደማ ነበር። ስለዚህ የአያታችሁን ቴሌስኮፕ «የልጆች መጫወቻ» ብሎ ለሚያጣጥል ሰው መልስ አላችሁ።

አሁን ብዙ ወራሾች የማይወዱትን ምክር ልስጣችሁ፤ አትጥረጉት። አቧራ ለብሶ የመጣ ዕቃ ሲታይ እጅ ወደ ጨርቅ መሄዱ ያለ ነው፤ በቴሌስኮፕ ላይ ግን ይህ ትጋት ያጠፋል። በሌንስ ወይም በመስታወት ላይ ያረፈ ስስ አቧራ የሚያስቀረው ብርሃን ኢምንት ነው። በመስታወቱ ገጽ ላይ ያለው የአሉሚኒየም ሽፋን ውፍረት ደግሞ የአንድ ሚሊ ሜትር አሥር ሺህኛ ያህል ብቻ ነው። በሸሚዝ ጫፍ አንድ ጊዜ ሲታሽ አቧራው የአሸዋ ወረቀት ይሆንና ከዚያ በኋላ የማይጠፋ ጭረት ይተዋል። በእጅ የሚጨመቅ የአየር መንፊያ ካላችሁ ቀስ ብላችሁ አራግፉት፤ በአፋችሁ ግን እፍ አትበሉበት፣ ምራቅ ይረጫል። የባሰበት መስታወት ወጥቶ በተጣራ ውኃና በጥቂት ጠብታ ለስላሳ ሳሙና ሳይታሽ ሊታጠብ ይችላል፤ ይህ ግን ቢያንስ ጥቂት ወራት ካያችሁበት በኋላ የሚታሰብ ሥራ ነው። ምናልባትም ያኔ እንደማያስፈልገው ትረዳላችሁ።

የባለ ሌንሱን የፊት ሌንስ ደግሞ ፈጽሞ አትፍቱት። ከውጭ ሲታይ አንድ ይመስላል፤ በውስጡ ግን ከሁለት የተለያዩ የመስታወት ዓይነቶች የተሠሩ ሁለት ሌንሶች አሉ፤ ርቀታቸውም አቅጣጫቸውም ተለክቶ የተቀመጠ ነው። አንዱን ገልብጦ የመለሰ ሰው ከዚያ በኋላ ኮከብ ነጥብ ሆኖ አይታየውም። በሌንሱ ውስጥ እንደ ክር የተዘረጋ ሻጋታ ካያችሁም ለባለሙያ አሳዩት።

አንድ ነገር ግን ዛሬ ማታ እቤት እንደገባችሁ አውጥታችሁ ጣሉ። በአሮጌ ካርቶኖች ውስጥ ከዓይን ሌንስ ጋር የምትጠመዘዝ፣ ጥልቅ አረንጓዴ ወይም ጥቁር የሆነች ትንሽ መስታወት አለች፤ ፀሐይን ለማየት ተብላ የተሠራች ናት። የፊት ሌንሱ የፀሐይን ብርሃንና ሙቀት ሁሉ ሰብስቦ የሚያወርደው በዚህች መስታወት አጠገብ ነው። ትግላለች፤ ሳይታሰብ ትሰነጠቃለች፤ ያን ጊዜ በሌላኛው ጫፍ ያለው የሰው ዓይን ነው። የዓይን ውስጠኛው ሽፋን ሕመም የሚሰማበት ነርቭ ስለሌለው ሰውየው ሲቃጠል እንኳ አያውቅም። ለማስታወሻ ብላችሁ አታስቀምጧት፤ ለሌላ ሰውም አትስጧት፤ ሰብራችሁ ጣሏት። ፀሐይን በቴሌስኮፕ ማየት የሚቻለው ለዚሁ ተብሎ የተሠራ፣ ያልተቀደደና ያልተጫረ ማጣሪያ የቱቦውን ፊት ሙሉ በሙሉ ሲሸፍነው ብቻ ነው፤ በቱቦው ጎን ያለችው ትንሽ ቴሌስኮፕ፣ አነጣጣሪዋም፣ በዚያን ጊዜ መከደን አለባት። በዚህ ጉዳይ ላይ ቀልድ የለኝም። ልጆች ባሉበት ቤትም ቴሌስኮፕ በቀን መስኮት አጠገብ ተገትሮ አይዋል።

እንግዲህ ወደ ጥፋተኛዋ እንምጣ።

ማጉላት የሚሰላው የቴሌስኮፑን የትኩረት ርቀት ለዓይን ሌንሱ የትኩረት ርቀት በማካፈል ነው። 700 ለ20 ሲካፈል 35 እጥፍ ነው፤ 700 ለ4 ሲካፈል 175 እጥፍ። የዓይን ሌንሱ ቁጥር ባነሰ መጠን ማጉላቱ ይጨምራል ማለት ነው፤ ይህ ብቻውን ብዙ ሰው ያደናግራል። ከዚህም ሌላ ማጉላቱን ሦስት እጥፍ የምታደርግ ባርሎው የምትባል ቱቦ ልትኖር ትችላለች። 175 በ3 ሲባዛ 525 ይሆናል፤ እንዲህ ያለው ቁጥር ነው እንግዲህ በካርቶኑ ላይ ጎላ ብሎ የሚታተመው። ስሌቱ ልክ ነው፤ የሚጠቅመው ግን ለሻጩ ነው። አንድ ቴሌስኮፕ የሚሸከመው ማጉላት ለእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ስፋት ሁለት እጥፍ ገደማ ሲሆን ለ60 ሚሊ ሜትር 120 መሆኑ ነው። ከዚያ ሲያልፍ ምስሉ እያበጠ ይደበዝዛል፤ አንድም አዲስ ዝርዝር አይጨምርም። ይጨልማልም። ከ35 ወደ 175 ስንሄድ ማጉላቱ አምስት ጊዜ ይጨምራል፤ ያው ብርሃን 25 ጊዜ በሚበልጥ ስፋት ላይ ስለሚዘረጋ የጨረቃ ገጽ በዚያው ልክ ይፈዛል።

የሰውን ተስፋ የሚያስቆርጠው ግን ሌላ ነው። ቀላል የድሮ የዓይን ሌንስ ለዓይን የሚያሳየው ክብ ስፋቱ 40 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህን ለማጉላቱ ብታካፍሉት በሰማይ ላይ የምታዩት ቁራጭ ስንት እንደሆነ ታገኛላችሁ። በ35 እጥፍ ከአንድ ዲግሪ ትንሽ ይበልጣል፤ ሁለት ሙሉ ጨረቃዎች ጎን ለጎን ይገቡበታል። በ525 እጥፍ የአንድ ዲግሪ 13ኛ ብቻ ይቀራል። ምድር ደግሞ በሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትዞር ሰማዩ በደቂቃ ሩብ ዲግሪ ይሸሻል። ጁፒተር በ35 እጥፍ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ለመሻገር ከአራት ደቂቃ በላይ ይፈጅባታል፤ በ175 አንድ ደቂቃ አይሞላም፤ በ525 ደግሞ 20 ሰከንድ እንኳ አትቆይም። በእነዚያ 20 ሰከንዶች ውስጥ ፈልጎ ማግኘት፣ ትኩረት ማስተካከል፣ ቀጭኑ ማቆሚያ መንቀጥቀጡን እስኪያቆም መጠበቅ፣ ከዚያም ማየት ያስፈልጋል። የለመደ ሰውም አይችለውም። ጀማሪው ግን ቴሌስኮፕ ማለት ማጉያ ነው ብሎ ስለሚያምን መጀመሪያ የሚያስገባት ያችኑ ባለ 4 ሚሊ ሜትሯን ነው። ጥቁር ክብ ያያል። ካርቶኑም ለሌላ 20 ዓመት ይዘጋል።

ስለዚህ ትልቁ ቁጥር የተጻፈበትን የዓይን ሌንስ፣ ባለ 20 ወይም ባለ 25 ሚሊ ሜትሩን ቴሌስኮፑ ላይ አድርጉና ሌሎቹን መሳቢያ ውስጥ ቆልፉባቸው። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሌላ አያስፈልጋችሁም። ባርሎዋን ቁልፉ ከጠፋበት መሳቢያ ብታስቀምጧት ደስ ይለኛል።

በቱቦው ጎን ላይ የተጣበቀችው ትንሽ ቴሌስኮፕ አነጣጣሪ ናት። ከዋናው ቱቦ ጋር አንድ ቦታ እንድታይ ካልተደረገች ጌጥ ናት። ይህ ሥራ በቀን ይሠራል። ከፀሐይ በተቃራኒ አቅጣጫ፣ ቢያንስ ብዙ መቶ ሜትር ርቆ የሚገኝ የማማ ጫፍ ወይም የዛፍ አናት በዋናው ቴሌስኮፕ መሐል አስገቡ። ከዚያ የአነጣጣሪዋን ብሎኖች እያጠበቃችሁና እያላላችሁ ያው ጫፍ በመስቀለኛዎቹ ክሮች ላይ እንዲያርፍ አድርጉ። ማማው ተገልብጦ ቢታያችሁ አትደንግጡ፤ የሰማይ ቴሌስኮፕ አሠራሩ ነው፤ ሰማይ ላይ ደግሞ ላይና ታች የለም። አሥር ደቂቃ የሚፈጀው ይህ ሥራ ከሰዓታት ፍለጋ ያድናችኋል። በነገራችን ላይ የሰባቱን ከዋክብት ዘለላ አንድ ላይ ጠቅልላ የምታሳያችሁ ይህችው አነጣጣሪ ናት፤ ለዋናው ቴሌስኮፕ ዘለላው ይሰፋበታል።

ስለ ማቆሚያው ብዙ አልልም። ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ብቻ የሚሄድ ከሆነ የሚጠና ነገር የለውም። ዘንበል ያለ ዘንግና የክብደት መመጣጠኛ ካለው ግን ዘንጉ ወደ ሰማይ ዋልታ፣ ሰማዩ ዙሪያውን የሚዞር ወደሚመስለው ነጥብ፣ መጠቆም አለበት። በሰሜን ንፍቀ ክበብ የሰሜን ኮከብ ከዋልታው አንድ ዲግሪ ስለማይርቅ ለጀማሪ ይበቃል፤ ኮከቡ ከአድማስ የሚኖረው ከፍታም ከቦታችሁ ኬክሮስ ጋር እኩል ነው ለማለት ይቻላል። ዘንጉ አንዴ ከተስተካከለ አንዷን እጀታ ብቻ ቀስ አድርጎ በማዞር ኮከቡን መከተል ይቻላል። ሦስቱን እግሮች እስከ መጨረሻ አትዘርጓቸው፤ አጠር ያለ ማቆሚያ ብዙ አይንቀጠቀጥም። ባለ መስታወት ያላችሁ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ፈተና አለባችሁ። ደማቅ ኮከብ መሐል አስገብታችሁ ትኩረቱን ሆን ብላችሁ አበላሹት፤ የሚታየው ክብ ወደ አንድ ጎን የሸሸ ከሆነ መስታወቶቹ ተዛንፈዋል፤ በዋናው መስታወት ጀርባ ያሉት ሦስት ብሎኖች በጥቂቱ እየተነኩ ይስተካከላሉ። ማንኛውም ቴሌስኮፕ ከቤት ሲወጣ ከውጭው አየር ጋር እስኪመጣጠን ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ከዚያ በፊት ምስሉ ሲርገበገብ ዕቃውን አትሙት።

አሁን ሌሊት ነው እንበል። በጨረቃ ጀምሩ፤ ሙሉ በሆነችበት ሌሊት ግን አይሁን። ሙሉ ጨረቃ ላይ ብርሃኑ ፊት ለፊት ስለሚወድቅ ጥላ የለም፤ ጥላ ከሌለ ተራራም ጉድጓድም የለም፤ የሚቀረው የሚያጥበረብር ነጭ ሳህን ነው። ግማሽ ስትሆን የብርሃኑና የጨለማው ድንበር ላይ ፀሐይ ገና እየወጣች ስለሆነ ጥላዎቹ ረጃጅሞች ናቸው። 93 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ኮፐርኒከስ የተባለው ጉድጓድ ግማሽ ጨረቃ ካለፈ ከአንድ ወይም ከሁለት ሌሊት በኋላ ከዚያ ድንበር ላይ ብቅ ሲል ግድግዳው በእርከን በእርከን እንደተሠራ ታያላችሁ። ሁልጊዜ የምጠየቀው ጥያቄ ስለሚመጣ ቀድሜ ልመልሰው፤ ጠፈርተኞች የተከሉት ባንዲራ አይታይም። 60 ሚሊ ሜትር ሌንስ በጨረቃ ላይ ለይቶ የሚያሳየው ትንሹ ነገር አራት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በምድር ላይ ካሉት ትላልቅ ቴሌስኮፖች አንዱም ባንዲራውን አያሳይም።

ከጨረቃ ቀጥሎ ጁፒተር። በሌሊት ከሚታዩት ደማቅ ነጥቦች አንዷ ስለሆነች ለማግኘት አታስቸግርም፤ በዚያው በ35 እጥፍ አጠገቧ በአንድ መሥመር የተሰለፉ እስከ አራት የሚደርሱ ትናንሽ ነጥቦች ይታያሉ። ጋሊሌዮ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 7 ቀን 1610 መጀመሪያ ያየው ሦስቱን ነበር፤ ከዋክብት መሰሉት። በማግሥቱ ቦታ ቀይረው ሲያገኛቸው ሌሊት ሌሊት መሣል ያዘ፤ ጃንዋሪ 13 ቀን አራተኛዋ ተጨመረች። ያደረገውን አድርጉ። መሐል ላይ ክብ፣ ጎንና ጎን ነጥቦች፤ ከሥር ቀንና ሰዓት። ሥዕል ችሎታ አይጠይቅም። ነጥቦቹ የጁፒተር ጨረቃዎች ናቸው፤ ከአራቱ ውስጠኛዋ አዮ በ42 ሰዓት ተኩል ገደማ አንድ ዙር ስለምትጨርስ በአንድ ምሽት ውስጥ እንኳ መንቀሳቀሷን ትይዟታላችሁ። ዴንማርካዊው የሥነ ፈለክ ሰው ኦሌ ሮመር እ.ኤ.አ. በ1676 ብርሃን ለመጓዝ ጊዜ እንደሚወስድ ያስረዳው የአዮን ግርዶሾች ሰዓት እየቆጠረ ነው፤ ምድር ከጁፒተር ስትርቅ ግርዶሾቹ ከስሌቱ እየዘገዩ ይመጡ ነበር። እንዲህ ያለ ግርዶሽ በእናንተ 60 ሚሊ ሜትርም ይታያል፤ ነጥቧ ከጁፒተር ሳትደርስ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ፈዛ ትጠፋለች።

ሳተርን ላይ ቀለበቱ በ35 እጥፍ ትንሽ ሆኖ፣ ግን በማያጠራጥር ሁኔታ ይታያል። ከመሳቢያው ሌላ የዓይን ሌንስ እንድታወጡ የምፈቅደው እዚህ ላይ ነው፤ ባለ 9 ወይም ባለ 12 ሚሊ ሜትር ካለ። እ.ኤ.አ. በ2025 ቀለበቱ በጠርዙ ወደ እኛ ዞሮ ስለነበር ከቀጭን መሥመር አይበልጥም ነበር፤ በሚቀጥሉት ዓመታት እየተከፈተ ይሄዳል። ማርስ ግን በየ26 ወሩ ስትቀርብ ካልሆነ በቀር ብርቱካናማ ነጥብ ናት፤ ብዙ ተስፋ አትጣሉባት።

ሩቅ ወደሆኑት ስንመጣ ስለ ቀለም እውነቱን መናገር አለብኝ። በፎቶግራፍ ላይ ያያችሁት ቀይና ሐምራዊ ኔቡላ፣ ማለትም የጋዝና የአቧራ ደመና፣ በካሜራ ለረጅም ጊዜ የተሰበሰበ ብርሃን ነው። የሰው ዓይን በደካማ ብርሃን ቀለም አይለይም። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ባሉት ምሽቶች የኦሪዮንን ኔቡላ ብትፈልጉ ግራጫ ጭጋግና በመሐሉ አራት ጥቃቅን ከዋክብት ታያላችሁ። አንድሮሜዳ ጋላክሲ ደግሞ ሞላላ ብዥታ ነው፤ ብርሃኑ ከ2.5 ሚሊዮን ዓመት ጉዞ በኋላ የደረሰ ቢሆንም ብዥታ ነው። በዚህ የሚያዝኑ አሉ። እኔ አላዝንም፤ ፎቶግራፉን ማንም ያየዋል። ቀለም የሚፈልግ ሰው ድርብ ከዋክብትን ይይ፤ አልቢሬዮ የተባለው ለዓይን አንድ ኮከብ ሲመስል በቴሌስኮፕ ወርቃማና ሰማያዊ ሆኖ ይለያል፤ ለዚህም የከተማ መብራት አያግደውም።

ብርሃናቸው ደካማ ለሆኑት ግን ጨለማ ያስፈልጋል፤ ዓይንም ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ጨለማውን መልመድ አለበት። በመካከል ስልኩን ያበራ ሰው ቆጠራውን ከመጀመሪያ ይጀምራል። ብርሃን ካስፈለገ ደብዘዝ ያለ ቀይ ይሁን። ብዥታውን ደግሞ ፊት ለፊት አትመልከቱት። ዓይናችሁን ጥቂት ወደ ጎን ስታደርጉት ለደካማ ብርሃን ንቁ የሆነው የዓይን ክፍል ይቀበለዋል፤ የጠፋው ጭጋግ ተመልሶ ይመጣል። ስትጨርሱ በሌንሱ ላይ ጤዛ ካለ ሳትጠርጉት፣ ሳትከድኑትም ቤት ውስጥ እስኪደርቅ ተዉት።

«አዲስ መግዛት ያለብኝ መቼ ነው?» ለሚለው፣ በመጀመሪያ የዓይን ሌንስ ግዙ። የአሮጌ ቴሌስኮፖች የዓይን ሌንስ ወደ ቴሌስኮፑ የሚገባው ቱቦ ስፋት አብዛኛውን ጊዜ 24.5 ሚሊ ሜትር ሲሆን የዛሬው መለኪያ 31.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ በመካከላቸው የሚገባ አስማሚ ይሸጣል። ፕሎስል የሚባለው ዓይነት ባለ 25 ሚሊ ሜትር የዓይን ሌንስ የአያታችሁን ቱቦ 28 እጥፍ ማጉላትና ወደ ሁለት ዲግሪ የሚጠጋ ሰማይ ይሰጠዋል። ኋላ ትልቅ ቴሌስኮፕ ብትገዙም ሌንሱ ወደዚያ ይዛወራል። ትልቁን ቴሌስኮፕ ደግሞ የጁፒተር ሥዕሎቻችሁ አንድ ደብተር ሲሞሉ እናወራበታለን።

ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ። ቴሌስኮፓችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ደግሞ ወደ መስኮቱ አምጡት፤ ከሩቁ ማማ ላይ ቀይ መብራት አለ፣ አነጣጣሪዎቹን በእሱ እናስተካክላለን።